ትልቅ ቱርቦ በቆየ መኪና ላይ፦ በአዲስ አበባ ከፍታ ምን ይለወጣል?

ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም ተከልክሏል። ከዚያ አስቀድሞም በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሎ ነበር። በዚህ ምክንያት በከተማችን ያሉት ጥቂት የቆዩ ባለቱርቦ ፈጣን መኪኖች፣ እንደ ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብልዩ አር ኤክስ፣ ሚትሱቢሺ ላንሰር ኢቮሉሽን እና ጎልፍ ጂቲአይ ያሉት፣ ተተኪ የማይገኝላቸው ንብረት ሆነዋል። ባለቤቶቻቸው አዲስ ከመግዛት ይልቅ ያለውን ስለማጠንከር ሲያስቡ፣ በሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ሱቆችም ሆነ በየሰፈሩ ጓሮ ጋራዦች ብዙ ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ የፋብሪካውን ቱርቦ አውጥቶ ትልቅ መግጠም ያዋጣል ወይ?

መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «ይህኛው ይህን ያህል ባር ይነፋል» በሚል ቁጥር ይቋጫል፤ ባር የግፊት መለኪያ ነው። ይህ ቁጥር ብቻውን ሲታይ ያሳስታል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ የበለጠ ያሳስታል። ምክንያቱን ለመረዳት ቱርቦው የሚሠራውን ሥራ ከመነሻው መመልከት ያስፈልጋል።

ቱርቦ በትክክል የሚሠራው ምንድን ነው?

ሞተር ጉልበት የሚያገኘው ነዳጅን ከአየር ጋር በማቃጠል ነው። ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል ከራሱ ክብደት 14.7 እጥፍ ገደማ አየር ይፈልጋል፤ ስለዚህ ወደ ሲሊንደር የሚገባው የአየር ክብደት የሚቃጠለውን ነዳጅ፣ የሚቃጠለው ነዳጅ ደግሞ የሚገኘውን ጉልበት ይወስናል። በግምት 100 የፈረስ ጉልበት ለማግኘት በደቂቃ 4.5 ኪሎ ግራም ያህል አየር መግባት አለበት። ቱርቦ የሌለው ሞተር አየር የሚስበው ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ በሚፈጥረው ባዶ ቦታ ስለሆነ፣ ከውጭው አየር ግፊት በላይ ሊሞላ አይችልም።

ቱርቦ ይህን ገደብ ያነሣል። በአንድ ዘንግ ሁለት ጫፎች ላይ ሁለት ባለክንፍ መዘውሮች ተተክለዋል። አንደኛው ተርባይን ይባላል፤ ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ ይመታውና ይሽከረከራል። ሁለተኛው ኮምፕሬሰር ይባላል፤ በዚያው ሽክርክሪት ንጹሕ አየር ስቦና አምቆ ወደ ሞተሩ ይገፋል። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ፣ በትናንሾቹ ቱርቦዎች ላይም ከ200,000 ዙር በላይ ይዞራል። በቤንዚን ሞተር ላይ ተርባይኑን የሚመታው ጭስ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል።

የአንጥረኛ ወናፍ ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ከሰሉ ያው ነው፤ ፍሙን የሚያግለው የሚነፋበት አየር ነው። ትልቅ ወናፍ ብዙ አየር ይሰጣል፣ ነገር ግን ብርቱ ክንድ ይፈልጋል። በመኪናው ላይ ክንዱ የጭሱ ኃይል ስለሆነ፣ ጭሱ በሚደክምበት ጊዜ ትልቁ ወናፍ ሥራ ፈትቶ ይቆያል።

የቱርቦን ሐሳብ የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡቺ እ.ኤ.አ. በ1905 በፓተንት አስመዝግቦታል። ለእኛ ከተማ ይበልጥ የሚቀርበው ግን እ.ኤ.አ. በ1918 የተደረገው ሙከራ ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በኮሎራዶ ወደሚገኘው ፓይክስ ፒክ ተራራ፣ ከ4,000 ሜትር ወደሚበልጥ ከፍታ አውጥቶ፣ ስስ አየር የቀነሰውን ጉልበት ቱርቦ ሊመልሰው እንደሚችል አሳየ። ቱርቦ በፋብሪካ ምርት የቤት መኪና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ1962 በኦልድስሞቢል ጄትፋየር እና በሼቭሮሌት ኮርቬር ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ለረጅም ዓመታት በከፍታ ላይ የሚበሩ ሞተሮች ረዳት ሆኖ አገልግሏል።

ትልቅ ሲሆን ምን ይጨምራል?

«ትልቅ ቱርቦ» ሲባል ዓይን የሚያየው የውጭውን ቅርፊት ነው። በሥራው ላይ ለውጥ የሚያመጡት ግን የኮምፕሬሰሩ መዘውር ስፋት፣ የተርባይኑ መዘውር ስፋት፣ እንዲሁም ጭሱ ተጠምዝዞ ወደ ተርባይኑ የሚገባበት ቤት ጉሮሮ ናቸው። ጉሮሮው ጠባብ ከሆነ ጭሱ በፍጥነት ስለሚመታ ቱርቦው ቶሎ ይነሣል፤ በከፍተኛ ዙር ግን ጭሱ መውጫ አጥቶ ሞተሩን ያፍናል። ሰፊ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። ይህ ስፋት ኤ/አር በሚባል ቁጥር፣ ለምሳሌ 0.63 ወይም 0.82 ተብሎ ይገለጻል። ሁለት ቱርቦዎች ተመሳሳይ መዘውር ይዘው በዚህ ቁጥር ብቻ ቢለያዩ እንኳ መንገድ ላይ የተለያየ ጠባይ ያሳያሉ።

እያንዳንዱ ኮምፕሬሰር በደንብ የሚሠራበት የአየር መጠን አለው። ከዚያ አልፎ ሲጨነቅ የዘንጉን ኃይል ወደ ግፊት ከመለወጥ ይልቅ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። በስሌት ሲታይ፣ 20 ዲግሪ የሆነ አየር በ2.6 እጥፍ ሲታመቅ፣ በ75 በመቶ ቅልጥፍና የሚሠራ ኮምፕሬሰር አየሩን ወደ 140 ዲግሪ ገደማ ያደርሰዋል፤ በ60 በመቶ ቅልጥፍና የሚሠራው ግን 170 ዲግሪ ያሳልፈዋል። የቱርቦውን ግፊት የሚያሳየው ጌጅ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ያሳያል። ሞተሩ የሚያገኘው አየር ግን አንድ አይደለም፤ የጋለው አየር የሰፋ ስለሆነ በክብደት ያንሳል፣ ከሙቀቱም የተነሣ ለሞተሩ አደገኛ ነው።

ትልቅ ቱርቦ የሚሰጠው ዋናው ጥቅም ይህ ነው። በዚያው ግፊት የቀዘቀዘና የከበደ አየር ይሰጣል፤ የተርባይኑ ጎን ሰፊ በመሆኑም ጭሱ በቀላሉ ይወጣል። ስለዚህ በመጠኑ የሚሠራ ትልቅ ቱርቦ፣ ከአቅሙ በላይ ከሚጨነቅ ትንሽ ቱርቦ ይልቅ ለሞተሩ ሊቀል ይችላል። ይህን ብዙ ሰው ተቃራኒ አድርጎ ይረዳዋል፤ የፋብሪካውን ቱርቦ ግፊት በአንዲት ርካሽ ቫልቭ ከፍ ማድረግን ቀላልና አስተማማኝ መንገድ አድርጎ ይቆጥረዋል።

«ስንት ባር?» የሚለው ጥያቄ ለምን አይበቃም?

ቡስት የሚባለው ትርፍ ግፊት ነው፤ ማለትም ጌጁ የሚያሳየው በዙሪያችን ካለው አየር በላይ የተጨመረውን ግፊት ብቻ ነው። በዙሪያችን ያለው አየር ራሱ ስንት እንደሆነ ጌጁ አይነግረንም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በባሕር ዳርቻ 1.01 ባር የሆነው የአየር ግፊት እዚህ ወደ 0.77 ባር ይወርዳል። አንድ ሜትር ኩብ አየር በባሕር ዳርቻ 1.2 ኪሎ ግራም ገደማ ሲመዝን፣ በመስቀል አደባባይ ላይ 0.92 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ከአራት እጅ አንድ እጅ የሚጠጋው ጎድሏል ማለት ነው።

አሁን አንድ መኪና በጅቡቲ ወደብ፣ ሌላ ተመሳሳይ መኪና ደግሞ በመስቀል አደባባይ እንዳሉ እናስብ፤ የሁለቱም ጌጅ 1 ባር ያሳያል። በጅቡቲ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ጠቅላላ ግፊት 2.01 ባር ሲሆን፣ ኮምፕሬሰሩ የውጭውን አየር 2 እጥፍ ብቻ አምቆታል። በአዲስ አበባ ጠቅላላው ግፊት 1.77 ባር ብቻ ነው፤ ይህን ለማግኘት ግን ኮምፕሬሰሩ አየሩን 2.3 እጥፍ ማመቅ ነበረበት። ከመዘውሩ የበለጠ ሥራ ተጠይቆ ያነሰ አየር ተገኘ ማለት ነው። የአዲስ አበባው መኪና የጅቡቲውን 2.01 ባር ጠቅላላ ግፊት ማግኘት ካለበት 2.6 እጥፍ ማመቅ ይኖርበታል። ይህ «ስንት እጥፍ» የሚለው ቁጥር የግፊት ጥምርታ ይባላል፤ ቱርቦ ሲመረጥ መጠየቅ ያለበትም ከባሩ ይልቅ ይህ ነው።

ከዚህ ሁለት ውጤቶች ይከተላሉ። አንደኛው ትልቅ ቱርቦን ይደግፋል። ለዝቅተኛ ቦታ ተለክቶ የተሠራ ትንሽ የፋብሪካ ቱርቦ፣ በባሕር ዳርቻ በምቾት የሚሰጠውን የአየር ክብደት እዚህ ለመስጠት እጅግ ፈጥኖ መዞር አለበት፤ ገደቡን ካለፈ ዘንጉና ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ቶሎ ያልቃሉ። በመሆኑም ከፍ ያለ ኮምፕሬሰር መፈለግ በአዲስ አበባ ከቅንጦት ያለፈ ምክንያት አለው፤ ይህን በግልጽ መናገር ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ውጤት ግን በልክ እንድናስብ ያስገድዳል። ኮምፕሬሰር በብዙ እጥፍ እያመቀ ሞተሩ በዚያ ጊዜ ጥቂት አየር ብቻ የሚወስድ ከሆነ፣ የታመቀው አየር መሄጃ አጥቶ ወደ ኋላ በመዘውሩ ላይ ይመለሳል። ይህ ሰርጅ ይባላል። ነዳጅ መስጫው ተረግጦ ሳለ እንደ መንቀጥቀጥ ያለ ተደጋጋሚ ድምፅ ይሰማል፣ ግፊቱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ የዘንጉ ኩሽኔታም ይመታል። የግፊት ጥምርታው ከፍ ባለ ቁጥር ኮምፕሬሰሩ ወደዚህ ጠርዝ ስለሚቀርብ፣ በባሕር ዳርቻ ከተማ ያለ ችግር የሚሠራ ቱርቦና ሞተር እዚህ ሊያስቸግር ይችላል። አምራቾች ለየቱርቦው የሚያወጡት የኮምፕሬሰር ካርታ የተባለው ሥዕላዊ መግለጫ ሁለቱንም ጠርዞች፣ ሰርጁንም የፍጥነት ገደቡንም፣ ያሳያል፤ ካርታ የሌለው ቱርቦ መግዛት ግን በጭፍን መግዛት ነው።

ጉልበቱ ለምን ዘግይቶ ይመጣል?

እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይደባለቃሉ። የመጀመሪያው ቱርቦው ግፊት መስጠት የሚጀምርበት የሞተር ዙር ነው፤ ከዚያ በታች ነዳጅ መስጫው ቢረገጥም በቂ ጭስ ስለሌለ ቱርቦው አይነሣም። ሁለተኛው፣ ከዚያ ዙር በላይ ሆኖም፣ ነዳጅ ከተሰጠ በኋላ መዘውሩ እስኪፈጥን የሚያልፈው ጊዜ ነው። ትልቅና ከባድ መዘውር ሁለቱንም ያባብሳል።

ቱርቦው ከመነሣቱ በፊት ያለው ሞተር ቱርቦ እንደሌለው ሞተር ነው፤ ከፍታው ከአየሩ ሩብ የሚጠጋውን ስለወሰደበት የሚያወጣው ጭስም በዚያው ልክ ቀንሷል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ በ3,500 ዙር የሚነሣ ቱርቦ እዚህ ከዚያ ከፍ ባለ ዙር መነሣቱ የሚጠበቅ ነው። የሚያካክስ ነገርም አለ፤ የውጭው አየር ግፊት ዝቅተኛ በመሆኑ ጭሱ ከተርባይኑ ወደ ውጭ ሲወጣ የበለጠ ይለጠጣል፣ ይህም አንዴ ከተነሣ በኋላ ተርባይኑን ያግዘዋል። የመነሻውን ድክመት ግን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም።

ይህ በከተማ መንገድ ላይ ምን እንደሚመስል ለማየት ከለገሃር ወደ ፒያሳ የሚወጣውን የቸርችል ጎዳና ማሰብ ይበቃል። በሥራ ቀን በዚያ ዳገት ላይ ሞተሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከ3,000 ዙር በታች ነው። የፋብሪካው ትንሽ ቱርቦ በዚህ ክልል ውስጥ ያግዛል፤ በ4,000 ዙር የሚነሣው ትልቁ ግን ምንም አይሰጥም። ባለቤቱ በወረቀት ላይ ብዙ የፈረስ ጉልበት ጨምሮ ሳለ፣ በየቀኑ በሚነዳበት መንገድ ከበፊቱ የደከመ መኪና ይዞ ሊገኝ ይችላል። መኪናው የየዕለት መጓጓዣ ከሆነ ከፋብሪካው አንድ ደረጃ ብቻ ከፍ የሚል ቱርቦ፣ ለምሳሌ በደብልዩ አር ኤክስ ላይ ብርቱ ወንድሙ የሆነውን የኤስቲአይን ቱርቦ፣ ኬ-03 የተባለ ትንሽ ቱርቦ በያዘ ጎልፍ ላይ ከፍ የሚለውን ኬ-04ን መምረጥ ከሁሉም የተሻለ ይመስለኛል።

ቤንዚኑና ኮምፒውተሩ ይችሉታል?

ትልቅ ቱርቦ የገጠሙ ሞተሮችን ከሁሉ በላይ የሚገድላቸው ማንኳኳት ነው። በጤናማ ሞተር ውስጥ ካንዴላው በለኮሰው ቦታ የተነሣው ነበልባል በሥርዓት እየተስፋፋ የአየርና የነዳጁን ድብልቅ ያቃጥላል። ግፊቱና ሙቀቱ ከልክ ሲያልፉ፣ ነበልባሉ ያልደረሰበት ቀሪ ድብልቅ በራሱ ጊዜ በአንድ አፍታ ይፈነዳል። ድንገተኛው የግፊት ሞገድ ፒስተኑን፣ የፒስተኑን ቀለበት መቀመጫ እና በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለውን ጓርኒሲዮን ይመታል። ኦክቴን የሚባለው ቁጥር ቤንዚን ይህን ፍንዳታ የሚቋቋምበትን አቅም ይለካል፤ በከተማችን ማደያዎች አሽከርካሪው ከፍ ያለ ኦክቴን መርጦ የሚቀዳበት ሁለተኛ ፓምፕ ስለሌለ፣ የሞተሩ ቅንብር ለሚገኘው ቤንዚን መሠራት አለበት።

የአዲስ አበባ ስስ አየር በዚህ ረገድ ይረዳል። በተመሳሳይ የጌጅ ንባብ ጠቅላላው ግፊት ስለሚያንስ ሞተሩ ለማንኳኳት ትንሽ ይርቃል። ይሁን እንጂ ኮምፕሬሰሩ በብዙ እጥፍ ስለሚያምቅ አየሩ ይበልጥ ይግላል፤ የታመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር ደግሞ በስስ አየር ስለሚነፋ ሙቀት የማውጣት አቅሙ ይቀንሳል። እንደ ሱባሩ ኢንተርኩለራቸው ከሞተሩ በላይ የተቀመጠ መኪኖች በትራፊክ ቆመው ሲቆዩ፣ ማቀዝቀዣው ራሱ ከሞተሩ ሙቀት ይወስዳል። በለገሃር መብራት ላይ ለብዙ ደቂቃ ቆሞ ወዲያው ነዳጅ የሚረገጥበት መኪና ማንኳኳት የሚጀምረው በዚያ ጊዜ ነው።

አየር ሲጨምር ነዳጅም መጨመር አለበት። በከፍተኛ ግፊት ጊዜ ሞተሩ እንዳይግል ድብልቁ ከ14.7 ወደ 11.5 ወይም 12 ለ1 ገደማ እንዲወፍር ይደረጋል። አሮጌ ኢንጀክተሮችና አሮጌ የነዳጅ ፓምፕ ይህን ካልቻሉ ድብልቁ በከፍተኛ ዙር ይሳሳል፤ ሞተሩ የሚበላሸውም በጣም ደስ በሚያሰኝበት ቅጽበት ይሆናል። የሞተሩ ኮምፒውተርም የሚያውቀው የፋብሪካውን ቱርቦ ብቻ ነው። በብዙዎቹ የቆዩ መኪኖች ላይ የአየር መለኪያው ከተወሰነ መጠን በላይ መቁጠር አይችልም፤ ግፊቱ ከተፈቀደው ሲያልፍም ኮምፒውተሩ ነዳጅ ይቆርጣል። ይህን መቁረጥ እንደ ብልሽት ቆጥሮ ኮምፒውተሩን የሚያታልል ዕቃ መግጠም የተለመደ ሆኗል፤ የመጨረሻውን ጠባቂ ማሰናበት መሆኑን ግን ማወቅ ያስፈልጋል። ትክክለኛው መንገድ ኮምፒውተሩን ለአዲሱ ቱርቦ እንደገና ማቀናበር፣ በሚቀናበርበት ጊዜም በጭስ መውጫው ላይ ሰፊ ክልል የሚያነብ የኦክስጅን መለኪያ አስሮ የድብልቁን ትክክለኛ መጠን እያዩ መሥራት ነው።

ወጣቶች የሚወዱት «ፍሽሽ» የሚለው ድምፅም በዚህ ክፍል ይካተታል። ድምፁ የሚወጣው ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ የታመቀውን አየር ወደ ውጭ ከሚለቅ ቫልቭ ነው። በአየር መለኪያ በሚሠሩ መኪኖች ላይ ኮምፒውተሩ ያንን አየር አስቀድሞ ቆጥሮታል፤ አየሩ ወደ ውጭ ሲለቀቅ ድብልቁ ለአፍታ ይወፍራል፣ ሞተሩም ያንገራግራል። የፋብሪካው ቫልቭ አየሩን ወደ ቱርቦው መግቢያ የሚመልሰው ለዚህ ነው።

ከናፍጣ መኪና የወጣ ቱርቦ ቢገጠምስ?

በከተማችን መካኒኮች በቱርቦ ላይ ያላቸው ሰፊ ልምድ የመጣው ከአይሱዙ፣ ከላንድክሩዘር እና ከሃይሉክስ ናፍጣ ሞተሮች ነው። በሶማሌ ተራ በቀላሉ የሚገኙትም የእነዚሁ ቱርቦዎች ናቸው። ስለዚህ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን በአብዛኛው «አይሆንም» ነው። የናፍጣ ሞተር ጭስ ከቤንዚን ሞተር ጭስ በጣም የቀዘቀዘ ስለሆነ፣ የናፍጣ ተርባይን የሚሠራበት ብረት የቤንዚንን ሙቀት እንዲችል ታስቦ የተመረጠ አይደለም። በተለይ የአዳዲሶቹ ናፍጣ መኪኖች ቱርቦ የጭሱን አቅጣጫ የሚለውጡ ተንቀሳቃሽ ክንፎች አሉት፤ እነዚህ በቤንዚን ጭስ ይጣመማሉ ወይም ይጣበቃሉ። ፖርሼ እ.ኤ.አ. በ2006 ይህን ዓይነት ቱርቦ በ911 ላይ ሲያውል ልዩ ሙቀት ቻይ ብረት መጠቀም ግድ ሆኖበታል።

ለቤንዚን ሞተር የተሠራ ያገለገለ ቱርቦ ሲገዛ ዘንጉን በጣት ይዞ መሞከር ይገባል። በዘይት ፊልም ላይ በሚንሳፈፍ ኩሽኔታ የሚሠራ ዘንግ፣ ዘይት በሌለበት ወደ ጎን ትንሽ ቢወዛወዝ ጤናማ ነው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሰማ እንቅስቃሴ ካለ ግን ይተው። የክንፎቹ ጫፍ የተበላ፣ ግድግዳውን የነካ ወይም የጎደለ ከሆነ፣ በተርባይኑ ቤት ውስጥ የሚሰፋ ስንጥቅ ካለ፣ በዋጋው ርካሽነት መታለል አያስፈልግም። እንደ ጋሬት፣ አይ ኤች አይ እና ሚትሱቢሺ ያሉትን ስም የለጠፉ አስመሳይ ምርቶች በዓለም ገበያ ላይ ስላሉ፣ በቱርቦው ላይ በተለጠፈው ሳህን የተጻፈውን ቁጥር ከአምራቹ መዝገብ ጋር ማመሳከር ይጠቅማል።

አሮጌው ሞተር ይሸከመዋል?

ይህን ለማወቅ የመጀመሪያው ምርመራ የሲሊንደሮች ኮምፕሬሽን መለካት ነው። እዚህም ከፍታው የሚያሳስትበት ቦታ አለ። በመኪናው መጽሐፍ ላይ የተጻፈው ቁጥር ለባሕር ጠለል የተሰጠ ነው፤ በአዲስ አበባ የሚለካ ሙሉ ጤናማ ሞተር ከዚያ በሩብ ያህል ዝቅ ብሎ ሊነበብ ይችላል። መጽሐፉን ብቻ ያየ መካኒክ ደህና ሞተር ያስፈታል። ይበልጥ የሚታመነው ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ ማነጻጸር ነው፤ አንዱ ከሌሎቹ በግልጽ ካነሰ በዚያ ሞተር ላይ ትልቅ ቱርቦ መግጠም ጥፋቱን ማፋጠን ነው።

ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያገናኘውን ቢዬላ የሚያጎብጠው በአብዛኛው በዝቅተኛ ዙር የሚመጣ ከባድ ጉተታ ነው። ትልቅ ቱርቦ ጉልበቱን ወደ ከፍተኛ ዙር ስለሚወስደው፣ በልክ ከተቀናበረ በዚያው የፈረስ ጉልበት ላይ ለቢዬላው ሊራራለት ይችላል። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ እና ፍሬን ከአዲሱ ጉልበት ጋር መመጣጠን እንዳለባቸው ረጅም ማስረጃ አያስፈልገውም፤ ፍሬኑ ከቱርቦው በፊት ቢታደስ ይመረጣል።

ከሁሉም የሚዘነጋው ዘይቱ ነው። ለ20 ዓመት የሠራ ሞተር የዘይት መስመር ውስጡ በተቃጠለ ዘይት የጠበበ ሊሆን ስለሚችል፣ አሮጌውን ቧንቧ በአዲስ ቱርቦ ላይ መልሶ ማሰር አዲሱን ቱርቦ በጥቂት ጊዜ ያደርቀዋል። የመመለሻው ቧንቧ ሰፊና ያለ ጠባብ መታጠፊያ ቁልቁል የሚወርድ መሆን አለበት፤ ዘይቱ የሚመለሰው በራሱ ክብደት ነውና። በመጀመሪያው ቀን ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት በቱርቦው የዘይት ቀዳዳ ውስጥ ንጹሕ ዘይት ይጨመራል፤ ከዚያም ነዳጁ ተቋርጦ ዘይቱ እስኪደርስ ሞተሩ በማስነሻው ብቻ ይዞራል።

አዲስ አበባ ላይ የተቀናበረ መኪና ወደ ቆላ ሲወርድ ምን ይሆናል?

ይህ በባሕር ዳርቻ ለተጻፉ መመሪያዎች የማይታሰብ፣ ለእኛ ግን አሳሳቢ የሆነ ጉዳይ ነው። ግፊቱ ከልክ እንዳያልፍ ከተርባይኑ ጎን ጭስ የሚያሳልፈው በር ዌስትጌት ይባላል፤ ዘግቶ የሚይዘውም ስፕሪንግ ነው። የስፕሪንጉ አንድ ጎን የቱርቦውን ግፊት፣ ሌላው ጎን የውጭውን አየር ስለሚነካ፣ የሚቆጣጠረው ትርፉን ብቻ ነው። በአዲስ አበባ በ0.8 ባር ትርፍ የተቀናበረ መኪና ጠቅላላ ግፊቱ 1.57 ባር ገደማ ነው። ያው መኪና 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ድሬዳዋ ሲወርድ፣ ማንም ሳይነካው ጠቅላላ ግፊቱ ወደ 1.68 ባር ያድጋል፤ ጌጁ ግን አሁንም 0.8 ያሳያል። በዚያ ላይ የሚገባው አየር ከአዲስ አበባው በ10 ወይም በ15 ዲግሪ ሊሞቅ ይችላል፤ ስስ አየር ሲሰጥ የነበረው የማንኳኳት መጠባበቂያም አብሮ ይጠፋል።

በጠቅላላ ግፊት የሚሠራ ዳሳሽ ያለው ኮምፒውተር ይህን ለውጥ ያየዋል፤ ነገር ግን ቀናባሪው ለየግፊቱ ነዳጁንና መለኮሻ ጊዜውን ከሚወስነው የኮምፒውተሩ ካርታ ውስጥ በአዲስ አበባ ያልደረሰባቸውን ክፍሎች እንዳሉ ትቷቸው ከሆነ፣ በቆላ የሚያገኘው ያልተሠራ ገጽ ነው። ስለዚህ መኪናው ከከተማ የሚወጣ ከሆነ ቀናባሪው ከደረሰበት ግፊት በላይ ያሉትን የካርታ ክፍሎች ነዳጃቸውን አወፍሮ፣ የካንዴላውን መለኮሻ ጊዜም ወደ ኋላ መልሶ እንዲሞላቸው በግልጽ ሊጠየቅ ይገባል። ከአዳማ ቁልቁል ከመውረድ በፊትም ግፊት መጨመሪያው ቫልቭ ተዘግቶ መኪናው በዌስትጌቱ ስፕሪንግ ብቻ እንዲሠራ ማድረግ፣ ሞተሩን ለመጠበቅ በጣም ርካሹ ዘዴ ነው።